የግራው ዳሌ

አዲስ አበባ፣ ቀበና፤ በአንድ የባሌት ማሠልጠኛ ውስጥ ቀድሞ የአልባሳት ማስቀመጫ በነበረች ጠባብ ክፍል፣ በምሳ ሰዓት፤ የዳንሰኞቹን ዳሌ ለመመርመር የተቀጠረችው ፊዚዮቴራፒስት ፍሬሕይወት የራጅ ፊልም ይዛ መስኮቱ ጋ ቆማለች፤ ዳንሰኛዋ አዜብ የምርመራው አልጋ ላይ ተቀምጣለች።

አዜብ፦ ፊልሙ ተሳስቷል አልኩሽ።

ፍሬሕይወት፦ ፊልም አይሳሳትም። ቢሳሳት የሚያነበው ሰው ነው።

አዜብ፦ እንግዲያው አንቺ ተሳስተሻል።

ፍሬሕይወት፦ ጠዋት ካመጣሽው ጀምሮ ሌላ ሥራ አልሠራሁም። ራጅ ቤት ያለውን ሐኪምም ደውዬ ጠይቄዋለሁ። ያየነው አንድ ነው።

አዜብ፦ ዶክተር፣ ስሚኝማ።

ፍሬሕይወት፦ ዶክተር አትበይኝ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ።

አዜብ፦ ዶክተር ካልሆንሽ ማን ሥልጣን ሰጥቶሽ ነው ከጉዞ የምታስቀሪኝ?

ፍሬሕይወት፦ አሠልጣኛችሁ ጋሽ ንዋይ። ደቡብ አፍሪካ ያለው ትምህርት ቤት ዳሌው ያልተመረመረ ዳንሰኛ አልቀበልም ሲለው ጊዜ ነው የጠራኝ። አራት ሰው ይዞ ይሄዳል፤ አንቺ ከአራቱ አንዷ ነበርሽ።

አዜብ፦ ነበርሽ? ገና ሳልሞት?

ፍሬሕይወት፦ ባለፈው እዚሁ አልጋ ላይ ሆነሽ ቀኝ እግርሽን ወደ ውስጥ ሳዞረው ምን አደረግሽ?

አዜብ፦ ስለ ሠርግ አወራሁሽ።

ፍሬሕይወት፦ የአክስትሽ ልጅ ሠርግ፣ ኬኩ እንዴት እንደወደቀ። ሁላችሁም እግራችሁን ወደ ውስጥ ማዞር ስጀምር ወሬ ይመጣላችኋል። አንዷ ስለ ውሻዋ፣ አንዷ ስለ አከራይዋ። ፊታችሁን እያየሁ እግራችሁን እንድረሳው ነው።

አዜብ፦ ትልልቆቹ ናቸው ያስተማሩን። አመመኝ ያለች ወደ ኋላ ረድፍ ትሄዳለች። ከዚያ ተመልሳ የመጣች አላየንም።

ፍሬሕይወት፦ ኬኩ ሲወድቅ ግንባርሽ ላይ ላብ ችፍ አለ። ሰው በሌላ ሰው ኬክ እንዲህ አያልበውም። ራጅ ያዘዝኩት ለዚያ ነው።

አዜብ፦ ራጁም መጣ። ንጹሕ መሆን ነበረበት።

ፍሬሕይወት፦ ለምንድን ነው መሆን የነበረበት?

አዜብ፦ እንዲሁ። ምን ይላል? ሳትፈላሰፊ ንገሪኝ።

ፍሬሕይወት፦ ወደ መስኮቱ ነይ። ይቺ ክብ የጭን አጥንት ራስ ናት። ይሄ የምትቀመጥበት ጎድጓዳ ነው። ጎድጓዳው ከላይ እንደ ኮፍያ ሊሸፍናት ይገባል። እዚህ ኮፍያው አጭር ነው። ራሷ ወደ ውጭ ወጥታለች። በተለይ በግራ በኩል።

አዜብ፦ በግራ?

ፍሬሕይወት፦ ቀኙም ጥሩ አይደለም። ግራው ግን ይብሳል።

አዜብ፦ ምን ሲደረግ ነው እንዲህ የሚሆነው?

ፍሬሕይወት፦ ምንም ሳይደረግ። አብሮ የሚወለድ ነገር ነው። ጎድጓዳው ጥልቀት ከሌለው እግር ወደፈለግሽበት ይዞራል። ሌላው ዓመት ለፍቶ እስከማይደርስበት ድረስ፣ እንዲህ ያለው ሰው ያለ ልፋት ይከፍታል። አስተማሪ ሲያየው ተሰጥኦ ይለዋል። ከፊት ረድፍ ያቆመዋል። ከዚያ ያንኑ ቦታ በየቀኑ ያስጎትተዋል።

አዜብ፦ የማያመው ሰውስ?

ፍሬሕይወት፦ የማያመው ምን?

አዜብ፦ እንዲህ ያለ ዳሌ ኖሮት ምንም የማያመው ሰው። አለ አይደል?

ፍሬሕይወት፦ አለ። ለጊዜው። አጥንቱ ያልያዘውን፣ በጎድጓዳው ዙሪያ ያለ ቀለበት የመሰለ ሥጋ ይይዘዋል። እሱ ቀስ እያለ ይቀደዳል። ከዚያ አጥንትና አጥንት መፋተግ ይጀምራል።

አዜብ፦ ቢያቆምስ?

ፍሬሕይወት፦ ዝላይና እግር መሰንጠቅ ካቆመ፣ ጡንቻውንም ካጠናከረ፣ እስኪያረጅ ሊራመድበት ይችላል። ቀኑን ሙሉ ከዘለለበት ግን ሠላሳ ሳይሞላው ዱላ ይይዛል። ስለ ማን ነው የምትጠይቂኝ?

አዜብ፦ ስለ ራሴ ነዋ።

ፍሬሕይወት፦ አንቺን የሚያምሽ ቀኝሽ ነው።

አዜብ፦ ግራዬም አንዳንዴ ያመኛል።

ፍሬሕይወት፦ እስከዛሬ የትም አያመኝም ስትይ ከርመሽ፣ አሁን ሁሉም ቦታ አመመሽ። ዕድሜሽ ስንት ነው?

አዜብ፦ ሃያ አምስት። ምን ያገናኘዋል?

ፍሬሕይወት፦ ያ ሐኪም በስልክ ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው አለኝ። ልጅቷ ማለቱ ገርሞኝ ነበር። ይሄ የዳሌው አጥንት ጫፍ ላይ ያለው ስስ መስመር ይታይሻል? ሰው እያደገ ሳለ ክፍት ነው። ዕድገት ሲያልቅ ይዘጋል። ይሄ አጥንት ማደግ አልጨረሰም።

አዜብ፦ እኔ ዘግይቼ ነው ያደግኩት። እናቴን ጠይቂያት። ጥርሴ እንኳ የወጣው ዘግይቶ ነው።

ፍሬሕይወት፦ አዜብ።

አዜብ፦ ሰው እንዴት በመስመር ይጠረጠራል?

ፍሬሕይወት፦ የማን ዳሌ ነው?

አዜብ፦ ስሜ ተጽፎበታል፤ አንብቢው።

ፍሬሕይወት፦ ማንበብ እችላለሁ። ተኝቶ ራጅ የተነሳው ማነው?

አዜብ፦ ሩሃማ።

ፍሬሕይወት፦ እህትሽ? ከአራቱ አንዷ?

አዜብ፦ ስንት ሩሃማ አለን?

ፍሬሕይወት፦ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በስምሽ ራጅ አስነሳሽ።

አዜብ፦ ራጅ ቤት ፊት የሚያይ ሰው የለም። ስም ጠሩ፣ አቤት አለች፣ ገባች። እኔ ዳሌዬ እንዳለቀ አውቃለሁ። ፈረቃ እንደጨረሰ አውቶብስ ነው የሚያቃስተው። የሷ ግን ንጹሕ ነው ብለን ነው። አንቺ ራስሽ አይደለሽም፣ ይቺው አልጋ ላይ አስተኝተሻት፣ እንዲህ ያለ ዳሌ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም ያልሽው? ጋሽ ንዋይ በሩ ላይ ቆሞ አላጨበጨበም?

ፍሬሕይወት፦ ብያለሁ።

አዜብ፦ ያንኑ ዳሌ ነዋ ያመጣሁልሽ።

ፍሬሕይወት፦ እግሯን ስከፍተው ማቆሚያ አልነበረውም። ማቆሚያ ማጣቱን መፍራት ነበረብኝ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያስተማሩኝም ይህንኑ ነው፣ የሚልፈሰፈሰውን ፍሪ ብለው። አምሮ ታየኝና አለፍኩት።

አዜብ፦ አምሮ ታየሽ።

ፍሬሕይወት፦ አዎ። ሌላ ምክንያት የለኝም። አያመኝም ስላለች ራጅም አላዘዝኩላትም።

አዜብ፦ ስለዚህ ማንም አያውቅም።

ፍሬሕይወት፦ አሁን እኔና አንቺ እናውቃለን።

አዜብ፦ ስለዚህ ማንም አያውቅም አልኩሽ። ተመልከቺ፤ ፊልሙ የኔ ሆኖ ይቅር። አዜብ ዳሌዋ አብቅቷል፣ አትሄድም በይው። ውሸት አይደለም፣ አብቅቷል። በስተርጅናዬ እዚሁ የልጆቹን ልብስ አስተካክላለሁ። እሷ ትሂድ።

ፍሬሕይወት፦ አይሆንም።

አዜብ፦ አንድ ሰው ነው የምታስቀሪው፣ አስቀርተሻል። ምን ቀረብሽ?

ፍሬሕይወት፦ እዚያ ከጠዋት እስከ ማታ ነው የሚያሠሯት። ምን ፈርሚልኝ እያልሽኝ እንደሆነ ገብቶሻል?

አዜብ፦ ስንት ዓመት ትደንሳለች?

ፍሬሕይወት፦ እኔ ጠንቋይ አይደለሁም።

አዜብ፦ ዶክተርም አይደለሽም፣ ግን ታውቂያለሽ።

ፍሬሕይወት፦ ሁለት ዓመት። ምናልባት ያነሰ።

አዜብ፦ ሁለት ዓመት ትንሽ መሰለሽ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እዚህ ነኝ፤ የፊት ረድፍ የቆምኩት ከኔ በፊት እዚያ የነበረችው ብርቱካን ባል አግብታ ስትወጣ ነው። ሁለት ዓመት የሚሰጠኝ ሰው ቢኖር ሁለቱንም እግር አውልቄ እሰጠው ነበር።

ፍሬሕይወት፦ ይሄ ያንቺ እግር አይደለም።

አዜብ፦ አውቃለሁ።

ፍሬሕይወት፦ ከሁለት ዓመቱ በኋላስ?

አዜብ፦ ከዚያማ እንደ ሰው ትኖራለች። ከዚህ አራት ኪሎ እስክትደርሺ ስንት የሚያነክስ ሰው ታያለሽ። እናቴ ታነክሳለች። ቆማ ወጥ ስትሠራ አንድ እጇ ወንበር ላይ ነው። ሁለት ልጅ አሳድጋበታለች።

ፍሬሕይወት፦ እናትሽ ታነክሳለች?

አዜብ፦ ልጅ ሆና ከደረጃ ወድቃ ነው።

ፍሬሕይወት፦ ከየትኛው ደረጃ?

አዜብ፦ እኔ በምን አውቃለሁ፣ ከደረጃ ነው የሚባለው።

ፍሬሕይወት፦ ስትወድቅ ያየ አለ?

አዜብ፦ እሷ ራሷ አላስታውስም ነው የምትለው። ያደገችበት ቤት ደግሞ፤ ቆይ። ቤታቸው ፎቅ የሌለው ተራ ቤት ነበር። ደረጃ የሚባል ነገር የለውም።

ፍሬሕይወት፦ ከእናት ወደ ልጅ ይሄዳል። በሁሉም ላይ አይወጣም፤ አንዳንዱ ላይ ነው። ራጅ ተነስታ ታውቃለች?

አዜብ፦ እናቴ? እናቴ ለጥርሷ እንኳ አልታየችም። ዕድሜ ልኳን ያልነበረ ደረጃ ስትወቅስ ኖራለች።

ፍሬሕይወት፦ እናትሽን ስታዪ ከሩሃማ ጋር ምን እንደምትልኪ ይታይሻል አይደል?

አዜብ፦ ይታየኛል።

ፍሬሕይወት፦ እንግዲያው አትላኪያት።

አዜብ፦ እኔ ነኝ ያበላሸኋት? እውነቱን ንገሪኝ። ትንሽ ሳለች በሆዷ አስተኝቼ፣ ጉልበቶቿን እንደ እንቁራሪት ወደ ጎን ከፍቼ፣ ዳሌዋ እንዲከፈት ታፋዋ ላይ እቀመጥባት ነበር። ቴሌቪዥን እያየሁ። ሁሉም ታናሹ ላይ ይቀመጣል፤ እኔም ላይ ተቀምጠውብኛል። እኔ ትራስ ነክሼ ነበር የማለቅሰው። እሷ ግን አታለቅስም። እላይዋ ላይ ተቀምጬባት እንቅልፍ ይወስዳታል። ለሰው ሁሉ አወራሁት፣ እህቴ እንቁራሪት ሆና ትተኛለች ብዬ።

ፍሬሕይወት፦ ያላለቀሰችው የሚይዛት አጥንት ስለሌለ ነው። አንቺ አልፈጠርሽውም።

አዜብ፦ አባብሼዋለሁ?

ፍሬሕይወት፦ አዎ።

አዜብ፦ ትንሽ እንኳ አትዋሺም አንቺ ሴትዮ።

ፍሬሕይወት፦ ብዋሽሽ ይተካከላል?

አዜብ፦ ቀዶ ሕክምና የለውም? ሁሉ ነገር ቀዶ ሕክምና አለው።

ፍሬሕይወት፦ አለው። የዳሌውን አጥንት ቆርጦ፣ አዙሮ፣ በብሎን ማሰር ነው። እዚህ የሚሠራ ሰው አላውቅም። እጠይቃለሁ፤ ግን ተስፋ እንድታደርጊ አይደለም። ቢሠራላትም መራመጃ እንጂ መዝለያ አይሆናትም።

አዜብ፦ ስለዚህ በየትኛውም መንገድ ብትሄድ ያልቃል።

ፍሬሕይወት፦ ባሌቱ ያልቃል። እግሯ ሊተርፍ ይችላል።

አዜብ፦ እግር ብቻውን ምን ያደርግላታል? ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ለስሙ ነው የተማረችው። ሌላ የምታውቀው ነገር የለም። እኔ ነኝ ሌላ አትወቂ ያልኳት።

ፍሬሕይወት፦ ራጁን በስምሽ የመነሳቱ ሐሳብ የማን ነበር?

አዜብ፦ የኔ ነዋ። ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። እሷን አትንኪያት።

ፍሬሕይወት፦ ልነካት አይደለም። መጀመሪያ አፍ አውጥቶ የተናገረው ማነው?

አዜብ፦ እኔ ያንቺን የራጅ ትእዛዝ ይዤ አልጋ ላይ ተቀምጬ እነፋረቃለሁ። እሷ ልብስ እያጠፈች ነበር። አምጪው፣ እኔ ልተኛልሽ አለችኝ። እብድ ነሽ አልኳት። አይ፣ ማንም አያይም፣ ለኔ ምንም አይደል አለችኝ። ትወደኛለች እኮ። እኔ ብሆን አላደርገውም ነበር።

ፍሬሕይወት፦ አብረሻት ሄድሽ?

አዜብ፦ ብቻዬን ነው የምሄደው አለች። ፊልሙንም ትናንት ራሷ ተቀብላ መጣች። ማታ ሲሰጡሽ ምን አሉ ብላት፣ ዝም ብለው ሰጡኝ አለች። ከዚያ፣ ፍሬሕይወት ስታየው ምን የምትል ይመስልሻል አለችኝ።

ፍሬሕይወት፦ ምን መለስሽላት?

አዜብ፦ ሳቅኩባት። ያንቺ ዳሌ እኮ ነው፣ ምን ሊገኝበት፣ ንጹሕ ነው አልኳት። እርግጠኛ ነሽ አለችኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኳት። ብድግ ብላ አቀፈችኝ። እኔ ለኔ ተደስታ መስሎኝ፣ አይዞሽ አብረን ነው የምንሄደው አልኳት።

ፍሬሕይወት፦ ሩሃማን ያማታል?

አዜብ፦ አያማትም። አንድ ቀን ተናግራ አታውቅም።

ፍሬሕይወት፦ ከናንተ ውስጥ የምትናገር ማን ናት?

አዜብ፦ አያማትም አልኩሽ። አንድ አልጋ ላይ ነው የምንተኛው፤ አውቅ ነበር።

ፍሬሕይወት፦ እሺ።

አዜብ፦ በቅርቡ ጋሽ ንዋይን ትልቁን ዝላይ በግራ አልነሳም፣ በቀኝ ይሁንልኝ አለችው። ኩራት ጀመራት ብለን ሙድ ያዝንባት። ደረጃ ስትወጣ ቀኟን ታስቀድምና ግራዋን አስከትላ ትስበዋለች። ከወንበር ስትነሳ ደግሞ ቋ ይላል። ቋ ሲል ሁላችንም እንስቃለን፤ እሷም ትስቃለች።

ፍሬሕይወት፦ ሳቋን አየሻት?

አዜብ፦ አላየኋትም። ቋ ሲል ነው የሰማሁት።

ፍሬሕይወት፦ በራሷ ስም ራጅ ብትጠይቅ ከአራቱ ትወጣለች። በአንቺ ስም ብትነሳ ግን ውጤቱን ካንቺ ትሰማለች፣ ማንም አያውቅባትም። ማወቅ ፈልጋ ነው አዜብ። ላንቺ ብላ ብቻ አይደለም የተኛችው።

አዜብ፦ እኔ ደግሞ ንጹሕ ነሽ አልኳት።

ፍሬሕይወት፦ ፊልሙን ሳታዪ።

አዜብ፦ ከፖስታው እንኳ ሳላወጣው። ዛሬ ጠዋት ዝላዩን በግራ ልመልሰው አለችው። ጋሽ ንዋይ ደስ ብሎት ደጋግሞ አስነሳት። ስታርፍ ፊቷን አየሁት። ጥርሷን ነክሳ ነበር፤ ግን ደህና መሆኗን ሰው ነግሯታል፣ ምን ታድርግ።

ፍሬሕይወት፦ ከምሳ በኋላ ልምምድ አለ?

አዜብ፦ ያው ዝላይ ነው።

ፍሬሕይወት፦ እጠራታለሁ። ጋሽ ንዋይም አብሮ ይስማ።

አዜብ፦ አንቺን አትሰማሽም። እንዲህ ያለ ዳሌ አይቼ አላውቅም ያልሻት ሰው ነሽ። ጋሽ ንዋይ ደግሞ ገና ሳትጨርሺ ማንን እንደሚተካ ማሰብ ይጀምራል፤ እሷም ፊቱ ላይ ታየዋለች።

ፍሬሕይወት፦ አንቺ ብትነግሪያትስ? ፊልሙ ላይ ስምሽ አለ። እሷ ስለቀረች እኔንም ልታስቀረኝ ነው፣ ቀናች ትላለች። ትጠላሻለች።

አዜብ፦ ትጥላኝ። ማታ ሳላይ ንጹሕ ነሽ ስላት አምናኝ ዘለለች፤ አሁን አይቼ ስነግራት አምናኝ ትቁም። ከዚያ ወዲያ ዳግመኛ ባታምነኝ አልፈርድባትም። ፊልሙን አምጪው።